በድርብርብ ቀለም የተሸፈነ አሮጌ የዋንዛ ቡፌ፦ ቀለሙ እንዴት ይነሳ? በምንስ ይቀባ?

ባለ ቡፌው (አዲስ አበባ)፣ ጥቅምት 8

ጤና ይስጥልኝ። ከአያቶቼ ቤት ወደ እኔ የመጣ አንድ አሮጌ ቡፌ አለኝ። የታችኛው ክፍል ሁለት መዝጊያና ሦስት መሳቢያ ያለው ሲሆን፣ የላይኛው በመስታወት የሚዘጋ የብርጭቆና የሲኒ መደርደሪያ ነው። እግሮቹ በቶርኖ የወጡ ናቸው። ውጩ አረንጓዴ የዘይት ቀለም ተቀብቷል፤ አረንጓዴው በተላጠበት ጥግ ላይ ክሬም፣ ከክሬሙም ሥር ሰማያዊ ይታያል። የመደርደሪያው ውስጥ አሁንም ሰማያዊ እንደሆነ ነው። በአንደኛው እግር ላይ ቀለሙ ሙሉ በሙሉ ስለተፋቀ ወርቃማ ቡናማ መልክ ያለው እንጨት ብቅ ብሏል። ቤተሰቦቼ ዋንዛ ነው ይላሉ።

ሐሳቤ ቀለሙን በሙሉ አንስቼ እንጨቱ በራሱ መልክ እንዲታይ ማድረግ ነው። የሰፈራችን አናጺ ግራይንደር ላይ ብርጭቆ ወረቀት ገጥሞ በአንድ ቀን እንደሚጨርሰው ነግሮኛል። ሌላ ሰው ደግሞ ኮስቲክ ሶዳ በሙቅ ውሃ በጥብጬ ብቀባው ቀለሙ ተገሽልጦ እንደሚነሳ መክሮኛል። የትኛው ይሻላል? ከዚያ በኋላስ በምን ልቀባው? ቤት ውስጥ ትንንሽ ልጆች መኖራቸውን ከግምት አስገቡልኝ።


መላጊያ (ኮልፌ)፣ ጥቅምት 8

ወንድሜ፣ እባክዎ ሁለቱንም አያድርጉ።

ግራይንደር ለብረትና ለድንጋይ የተሠራ መሣሪያ ነው። ዋንዛ ክብደቱ ቀላል፣ ለመሥራትም ለስላሳ እንጨት ስለሆነ፣ ዲስኩ ቀለሙን ጨርሶ እንጨቱ ላይ መድረሱን እጅዎ ከማወቁ በፊት ግማሽ ጨረቃ የመሰሉ ጉድጓዶች ቆፍሮ ያልፋል። እነዚያ ጉድጓዶች በሥራው ቀን ብዙም አይታዩም፤ ቫርኒሽ ከተቀባና የመስኮት ብርሃን በጎን ካረፈባቸው በኋላ ግን አንድ በአንድ ይቆጠራሉ። በመዝጊያዎቹ ዙሪያ በእጅ መላጊያ የወጣው ቅርጽም ይጠፋል። አሮጌን ዕቃ ከዛሬ ሥራ የሚለየው ደግሞ ይኸው ጥርት ያለ ጠርዝ ነው።

ኮስቲክ ሶዳ የዘይት ቀለምን እንደሚያነሳ አልክድም፤ በቀለሙ ውስጥ ያለውን ዘይት ወደ ሳሙናነት ስለሚለውጠው ነው የሚያነሳው። ችግሩ ከውሃው ጋር ወደ እንጨቱ ዘልቆ መግባቱ ነው። የእንጨቱን ቃጫ ያስነሳል፣ መልኩን ያጠቁራል፣ መጋጠሚያዎቹንም ያላላል። የቆዩ ዕቃዎች ብዙ ጊዜ የተጣበቁት ከእንስሳት ቆዳና አጥንት ተቀቅሎ በሚወጣ ኮላ ሲሆን፣ ይህ ኮላ ሙቅ ውሃ ሲያገኘው መልሶ ይለሰልሳል። በሶዳ ተነክረው ወደ እኔ ለጥገና የሚመጡ ወንበሮች አሉ፤ እግራቸው ያለ መዶሻ በእጅ ይነቀላል። በደንብ ሳይታጠብና ኮምጣጤ በገባበት ውሃ ኃይሉ ሳይሰበር እንጨቱ ውስጥ የቀረ ሶዳ ደግሞ ቆይቶ አዲሱን ቫርኒሽ ከሥሩ ይገፋዋል።

ስለዚህ ቀለሙን ከመንካትዎ በፊት ዕቃውን እንወቀው። መሳቢያዎቹን አውጥተው ጎናቸው ከፊታቸው ጋር እንዴት እንደተያያዘ ይንገሩን። ጀርባው ጣውላ ነው ወይስ ኮምፔንሳቶ? የመዝጊያው ፊት ሙሉ እንጨት ነው ወይስ ስስ ልባጥ ተለጥፎበታል? ልባጥ ከሆነ ጠርዙን በጎን ሲያዩት ፊቱና አካሉ የተለያዩ እንጨቶች መሆናቸውን የሚያሳይ ቀጭን መስመር ያገኛሉ። የመሳቢያ ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ ስለማይቀባ፣ የእንጨቱን ዓይነት በትክክል የሚመሰክረው እሱ ነው።


የኬሚስትሪ መምህርት፣ ጥቅምት 8

ልጆች አሉ ስላሉ ከእንጨቱ በፊት ስለ ቀለሙ እንነጋገር። አሮጌ የዘይት ቀለም እርሳስ የተባለው ብረት ሊኖርበት ይችላል። ነጭና ክሬም ቀለሞች ለረጅም ዘመን የሚሠሩት ከእርሳስ ካርቦኔት ነበር፤ እርሳስ ክሮሜት ደግሞ ለቢጫ፣ ከሰማያዊ ጋር ሲቀላቀልም ለአረንጓዴ ያገለግል ነበር። ቀለሙ ቶሎ እንዲደርቅ የሚጨመሩት ውህዶችም እርሳስ ሊይዙ ይችላሉ። በአሜሪካ ለመኖሪያ ቤት የሚውል የእርሳስ ቀለም የታገደው እ.ኤ.አ. በ1978 ነው። በአገራችን በቀለም ውስጥ የሚኖረው እርሳስ ከ90 ፒፒኤም (ከሚሊዮን 90 እጅ) እንዳይበልጥ የሚያዝዘው ደንብ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2018 ነው። ስለዚህ በአያቶችዎ ዘመን የተቀባ ቀለም፣ ተመርምሮ ነጻ መሆኑ እስካልተረጋገጠ ድረስ፣ እርሳስ እንዳለበት ተቆጥሮ ነው መያዝ ያለበት።

እርሳስ ያለበት ቀለም ዕቃው ላይ ጸንቶ እስካለ ድረስ አደጋው ዝቅተኛ ነው። አደጋው የሚመጣው በደረቁ ሲፈገፈግ ነው። አቧራው ወለል ላይ ያርፋል፣ ልጅ በእጁ ይነካዋል፣ እጁን ወደ አፉ ይወስዳል። በልጆች አእምሮ እድገት ላይ ለሚያደርሰው ጉዳት ምንም ጉዳት የለውም የሚባል መጠን አልተገኘለትም። ነፍሰ ጡር ሴትም ልትጠነቀቅ ይገባል። እንግዲህ የተመከሩት የግራይንደር ሥራ ይህን ሁሉ አቧራ በአንድ ቀን ሰፈሩ ላይ መበተን ማለት ነው።

እርሳስ ሲነካው ወደ ሮዝ ወይም ቀይ የሚለወጥ የመመርመሪያ ጥጥ በውጭ አገር በቀላሉ ይሸጣል፤ ከዘመድ ማስላክ ከቻሉ ጥሩ ነው፤ ሲሞክሩት ግን በትንሹ ቆርጠው ሦስቱንም ድርብ ማስነካት አለብዎት። ካላገኙ እርሳስ አለ ብለው ይሥሩ። ልጆች በማይደርሱበት ግቢ፣ ከሥር ላስቲክ አንጥፈው፣ ቀለሙን እያረጠቡ እንጂ በደረቁ ሳይፍቁ፣ የወደቀውን ሳይጠርጉ በእርጥብ ጨርቅ እየጠረጉ... ይቅርታ፣ ሳይጠርጉ ያልኩት በመጥረጊያ ነው፤ መጥረጊያ አቧራውን መልሶ ያስነሳዋል። የሥራ ልብስዎ ከልጆቹ ልብስ ጋር አብሮ አይታጠብ። ተራ የአፍ መሸፈኛ ይህን አቧራ አያቆምም፤ ለደቃቅ ብናኝ የተሠራ ማጣሪያ ያለው ማስክ ያስፈልጋል።

በእሳት ማቃጠል ደግሞ ፈጽሞ አይታሰብ። እርሳሱ ወደ ትነት ይለወጣል፤ በትነት የገባ እርሳስ ከአቧራው ይልቅ በቀላሉ ወደ ደም ይዘልቃል።


ባለ ቡፌው፣ ጥቅምት 9

ሁለታችሁንም አመሰግናለሁ። የመሳቢያው ጎንና ፊት ጥርስ በጥርስ ተጠላልፈው የተያያዙ ናቸው፤ አንድም ምስማር አላየሁም። ውስጡ ያልተቀባ፣ ወደ ቢጫ የሚያደላ ነጣ ያለ እንጨት ነው። ጀርባው ኮምፔንሳቶ ነው። የመዝጊያዎቹን ጠርዝ በባትሪ አየሁት፤ የተለጠፈ ነገር የለውም።

በሙቅ አየር የሚሠራ መሣሪያ ያለው ጓደኛ አለኝ። እሱስ እንደ እሳት ይቆጠራል?


መላጊያ (ኮልፌ)፣ ጥቅምት 9

ያ ነጣ ያለው እንጨት ዝግባ ሳይሆን አይቀርም። የጥንቶቹ አናጺዎች ውዱንና ውቡን እንጨት ለፊት፣ ሌላውን ለውስጥ ያደርጉ ነበር። መሳቢያን በጥርስ የሚያጠላልፍ ሰው ደግሞ ሙያውን የጨረሰ ሰው ነው። ዋንዛ፣ ዝግባ፣ ጥድና ኮሶ በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ በስም ጠቅሶ ጥበቃ ካደረገላቸው ዛፎች መካከል ናቸው፤ የመዝጊያዎ ስፋት ያህል ወጥ የዋንዛ ጣውላ ዛሬ ገበያ ወጥቶ ማግኘት ራሱን የቻለ ሥራ ነው። ይህን የምለው አንዲት ሚሊ ሜትር እንኳ በከንቱ እንዳትፋቅ ብዬ ነው።

የሙቅ አየር መሣሪያውን በተመለከተ፣ የመምህርቷን ማስጠንቀቂያ ይዘው መወሰን ያለብዎት እርስዎ ነዎት። በዝቅተኛ ሙቀት ከያዙት ቀለሙ ይለሰልሳል፤ ጭስ ካዩ ግን አልፈዋል ማለት ነው። በመስታወቱ አጠገብ ከተጠቀሙበት መስታወቱ ይሰነጠቃል፤ መጋጠሚያ ላይ ካቆዩት ኮላው ይፈታል። በእኔ እምነት ለዚህ ዕቃ ሪሙቨር የሚባለው ቀለም ማስለቀቂያ ይሻላል፤ እያረጠበ ስለሚያነሳ አቧራም የለውም።


ከሜሪላንድ፣ ጥቅምት 9

ሪሙቨር ሲባል ሁሉም አንድ አይደለም፤ ስለዚህ ጣሳው ላይ የተጻፈውን ማንበብ ያስፈልጋል። ለብዙ ዓመታት እዚህ አሜሪካ የሚሸጠው ፈጣኑ ሪሙቨር ዋና ንጥረ ነገሩ ሜቲሊን ክሎራይድ ነበር። በደቂቃዎች ውስጥ ቀለሙን አኮማትሮ ያስነሳዋል። ነገር ግን በ40 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ገደማ የሚፈላ ፈሳሽ በመሆኑ እጅግ ቶሎ ይተናል፤ ትነቱ በሳንባ ከገባ በኋላም ሰውነት ውስጥ ወደ ካርቦን ሞኖክሳይድ ይለወጣል። አየር በማይገባበት መታጠቢያ ቤት የገንዳ ቀለም ሲያስለቅቁ የሞቱ ሠራተኞች አሉ። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በ2019 ለተራ ሸማች እንዳይሸጥ ከልክሎ፣ በ2024 ክልከላውን ወደ አብዛኛው የሥራ ዘርፍ አስፍቶታል። የአውሮፓ ኅብረትም ቀደም ብሎ ከሸማች እጅ አውጥቶታል።

አሁን እኛ የምንጠቀመው በአብዛኛው ቤንዚል አልኮል ያለበትን ነው። ቀስ ያለ ነው፤ ለወፍራም ድርብ ሰዓታት፣ አንዳንዴም አንድ ሌሊት ይፈልጋል። እኔ የምሠራው በወፍራሙ ቀብቼ፣ እንዳይደርቅ በስስ ላስቲክ ሸፍኜ በማሳደር ነው። ብሩሹን ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ ጎትቶ ማሳለፍ ይበቃል፤ እየመላለሱ መቀባት መድኃኒቱን ያሳሳዋል። አዲስ አበባ የምታገኙት ጣሳ ሜቲሊን ክሎራይድ የሚል ከሆነ፣ እኔ ብሆን ከነጭራሹ አልገዛውም፤ የግድ ከሆነ ደግሞ ክፍት ግቢ ውስጥ፣ ነፋስን ከጀርባ አድርጎ ነው። ተራው የላስቲክ ጓንትም በደቂቃዎች ውስጥ ያሳልፈዋል።


የቅርስ ወዳጅ፣ ጥቅምት 10

ሁላችሁም እንዴት ይነሳ ነው የምትሉት። ለመሆኑ መነሳት አለበት ወይ ብሎ የጠየቀ አላየሁም። በሙዚየም ሙያ ከመሠረታዊ ደንቦች አንዱ የሚደረገው ነገር ሁሉ መመለስ የሚችል ይሁን የሚል ነው፤ ቀለም ማንሳት ደግሞ መመለሻ የለውም። ሦስቱ ቀለሞች የአንድ ቤተሰብ ሦስት ዘመናት ናቸው። የቆየ ገጽታውን ያጣ አሮጌ ዕቃ በሰብሳቢዎች ዘንድ ዋጋው እንደሚወርድም መዘንጋት የለበትም። ለምሳሌ ከአንድ ግንድ የተፈለፈለው የጅማ በርጩማ በጭስና በእጅ ብዛት ያገኘው ጥቁር ወዝ ከተፋቀ፣ የቀረው አዲስ እንጨት ነው።


መላጊያ (ኮልፌ)፣ ጥቅምት 10

ስለ ጅማው በርጩማ በሙሉ ልብ እስማማለሁ፤ እኔ ጋ ፋቅልኝ ብለው ሲያመጡ እመልሳቸዋለሁ። ያ ወዝ የዕቃው አካል ነው። ቡፌው ላይ ያለው የዘይት ቀለም ግን ሠሪው የቀባው አይመስለኝም። በጥርስ ያጠላለፈና ዋንዛን ለፊት የመረጠ አናጺ እንጨቱ እንዲታይ ብሎ ነው የሠራው፤ ቀለሙ የመጣው ምናልባት ገጹ ሲያረጅ፣ ቫርኒሽ ከመግዛት የተረፈ የበር ቀለም መቀባት ሲረክስ ነው። ይህ ግምት ትክክል መሆኑንና አለመሆኑን እንጨቱ ራሱ ይነግረናል፦ ከሰማያዊው ሥር የቫርኒሽ ድርብ ካለ፣ ቀለሙ የኋላ ሰው ሥራ ነው።

ባለ ቡፌው፣ ከኋላ እግር ውስጠኛ ጎን ላይ የመዳፍ ያህል ቦታ ይሞክሩና ምን እንዳገኙ ይንገሩን። ዘመኑን ማቆየት ለሚፈልግ ደግሞ መደርደሪያው ውስጥ ያለውን ሰማያዊ ሳይነኩ መተው ይቻላል። እኔ ብሆን እተወው ነበር፤ ሲኒ ሰማያዊ ላይ ያምራል።


የቅርስ ወዳጅ፣ ጥቅምት 10

ከሰማያዊው ሥር ቫርኒሽ ከተገኘ ተቃውሞዬን አነሳለሁ። ከመጀመሩ በፊት ግን ዕቃው ከሁሉም አቅጣጫ ፎቶ ይነሳ፤ ሦስቱም ድርብ የሚታዩበት አንድ ትንሽ ቦታ ከጀርባ በኩል ሳይነካ ይቅር።


ባለ ቡፌው፣ ጥቅምት 14

ሞከርኩት። ያገኘሁት ሪሙቨር ቤንዚል አልኮል የሚል ነበር፤ በላስቲክ ሸፍኜ አሳደርኩት። አረንጓዴውና ክሬሙ አንድ ላይ ተሸብሽበው በስፓቱላ በቀላሉ ተነሡ። ሰማያዊው ሁለተኛ ዙር ፈለገ። ከሥሩ ቡናማ፣ የሚያብረቀርቅ፣ ግልጽ የሆነ ድርብ አለ። ጠፍጣፋው ቦታ በጣም ንጹሕ ወጣ። እግሩ ላይ ግን በእንጨቱ ቀዳዳዎች ውስጥ ሰማያዊ ነጠብጣብ ቀርቷል፤ በብሩሽም አልወጣም። ቶርኖ የሠራው ቀለበት መሰል ጎድጓዳም በቀለም እንደተሞላ ነው። በብርጭቆ ወረቀት ልጨርሰው ይሆን?


መላጊያ (ኮልፌ)፣ ጥቅምት 14

አይሆንም፤ ብርጭቆ ወረቀቱ ቀዳዳው ውስጥ ያለውን ቀለም ሳያገኝ ዙሪያውን ያለውን እንጨት ነው የሚጨርሰው።

ቡናማው ድርብ መልካም ዜና ነው። ቀለም ቫርኒሽ ላይ ሲቀባ እንጨቱ ውስጥ አይገባም፤ ለዚህ ነው ጠፍጣፋው ንጹሕ የወጣልዎ። እግሩ በጫማና በመወልወያ ጨርቅ ብዛት ቫርኒሹ ቀድሞ ስላለቀበት ቀለሙ ባዶ እንጨት አግኝቶ ቀዳዳው ውስጥ ገባ። መፍትሔው እንዲህ ነው፦ ሸላክ የሚባለውን ከላክ ነፍሳት የሚገኝ ሙጫ በአልኮል አቅጥነው ነጠብጣቡ ባለበት ቦታ ላይ ይቀቡ፣ በደንብ ይድረቅ፣ ከዚያ ሪሙቨሩን እንደገና ይቀቡበት። ሸላኩ ወደ ቀዳዳው ወርዶ ቀለሙን ይይዘዋል፤ ሲለሰልስና ሲነሳ ቀለሙን ይዞት ይወጣል። ሁሉም ባይወጣ አብዛኛው ይወጣል።

ለእግሩ ቀለበቶች ብረት አይጠቀሙ። ሲባጎ ወይም የጆንያ ክር ሪሙቨሩ ባለሰለሰው ጎድጓዳ ውስጥ አዙረው በሁለት እጅ ወዲያና ወዲህ ይጎትቱት፤ ክሩ በቀለም ሲሞላ ወደ ንጹሑ ክፍል ያሸጋግሩት። ለጥጋጥግ ደግሞ ጫፉ የተሾለ የቀርከሃ እንጨትና አሮጌ የጥርስ ብሩሽ ይበቃል። የስፓቱላዎን ሁለት ማዕዘኖች በሞረድ ያድቦልቡሏቸው፤ ሹል ማዕዘን ለስላሳ ዋንዛ ላይ የሚተወው ጭረት በኋላ ያናድዳል።

ሌላው ብዙ ሰው የሚዘለው ነገር፣ ብዙዎቹ ሪሙቨሮች ቶሎ እንዳይተኑ ሰም ይደረግባቸዋል። ያ ሰም እንጨቱ ላይ ከቀረ አዲሱ ቫርኒሽ አይደርቅም፣ ወይም ደርቆ ይላጣል። ስለዚህ ቀለሙ ካለቀ በኋላ ገጹን በአኳራጅ (በቀለም ማቅጠኛ) በተነከረ ጨርቅ ሁለት ጊዜ ይጥረጉ፤ በየጊዜው ጨርቁን ይለውጡ። ውሃ አያብዙበት። ከዚያ በቂ ቀን ይድረቅ፤ ጥቅምት ስለሆነ ጊዜው ጥሩ ነው።

ሲደርቅ በብርጭቆ ወረቀት ከ120 ቁጥር ሳይወርዱ ጀምረው በ180 ይጨርሱ፤ ሁልጊዜ በእንጨቱ መስመር እንጂ ተሻግረው አይሂዱ። የቀለም ቅሪት ባለበት ቦታ መምህርቷ እንዳሉት በእርጥቡ ይሁን። ጠፍጣፋው ላይ ከብርጭቆ ወረቀት ይልቅ የመስታወት ስባሪ የሚመርጡ አናጺዎች አሉ፤ ጥርት ያለውን ጠርዝ ትንሽ አዘንብለው ሲጎትቱት ከወረቀት የቀጠነ ሽርፍራፊ ይወጣል፣ አቧራ የለውም፣ ገጹም ይጠራል። እጅ በወፍራም ጨርቅ ይጠቅለል።


ተማሪ አናጺ፣ ጥቅምት 15

ጥያቄ አለኝ። ሸላክ ለማቅጠን ስፒሪት ቢጠፋ አረቄ ይሆናል?


የኬሚስትሪ መምህርት፣ ጥቅምት 15

አይሆንም። ጠንካራ የሚባለው አረቄ እንኳ ግማሽ ያህሉ ውሃ ነው። ሸላክ በውሃ ውስጥ አይሟሟም፤ ያገኘው ውሃ ነጭ ጉም ሆኖ ገጹ ላይ ይቀራል። ከ95 በመቶ ያላነሰ አልኮል ይፈልጉ።


ባለ ቡፌው፣ ጥቅምት 21

የሸላኩ ዘዴ ሠርቷል። ውጩ በሙሉ ተነስቷል፤ የመደርደሪያውን ሰማያዊ ትቼዋለሁ። አሁን ሁለት ጥያቄዎች ቀሩኝ። የመጀመሪያው፣ ከኋላ እግር ሥር የመርፌ ቀዳዳ የሚያክሉ ቀዳዳዎች አገኘሁ። ሁለተኛው፣ በምን ልቀባ? እናቴ ጥሩ የኑግ ዘይት ካለ ሌላ አያስፈልግም ትላለች።


ከሜሪላንድ፣ ጥቅምት 21

ስለ ቀዳዳዎቹ፦ ነቀዝ መሆኑ ነው፤ ጥያቄው አሁንም አለ ወይስ ሄዷል የሚለው ነው። እግሩን ጥቁር ወረቀት ላይ አቁመው ጥቂት ሳምንታት ይተዉት። እንደ ዱቄት የደቀቀ ብናኝ ከወደቀ ነፍሳቱ አሁንም ውስጥ ናቸው። የቦሬት ውህድ በውሃ ተበጥብጦ የሚቀባ መድኃኒት ጥሩ ነው፤ የሚሠራው ግን ባዶ እንጨት ውስጥ ሲገባ ብቻ ስለሆነ ጊዜው አሁን ነው፤ ቫርኒሽ ከተቀባ በኋላ አይዘልቅም። ቀዳዳዎቹን በሰም ከመድፈንዎ በፊት ይህን ይጨርሱ።


መላጊያ (ኮልፌ)፣ ጥቅምት 22

ለእናትዎ ያለኝ አክብሮት እንዳለ ሆኖ፣ የኑግ ዘይት ለወጥ ነው። የሚደርቀው ዘይት ሁሉ አይደለም። ተልባ ከአየር ጋር ሲገናኝ ጠንክሮ እንደ ቆዳ የሚሆን ዘይት ስለሆነ ከጥንት ጀምሮ የእንጨት ዘይት ነው። ኑግ በከፊል ብቻ የሚደርቅ በመሆኑ ለረጅም ጊዜ ያጣብቃል፣ አቧራ ይሰበስባል፣ ሙቀት ሲያገኘውም ይሸታል። ተልባም ቢሆን ጥሬው እጅግ ቀስ ብሎ ነው የሚደርቀው፤ ማድረቂያ የተጨመረበትን ይፈልጉ።

የእኔ ምርጫ ሸላክ ነው፤ ያ ቡናማ ድርብ በስፒሪት ሲነካ ከተሟሟ የመጀመሪያው ሠሪም የተጠቀመው እሱን ነበር ማለት ነው። በጥጥ ላይ በተጠቀለለ ንጹሕ የጥጥ ጨርቅ፣ በስስ በስሱ፣ ሳይቆሙ ማሳለፍ ነው። ድርቡ በሰዓታት ውስጥ ይደርቃል፣ ቢጎዳም በዚያው በሸላክ ይጠገናል፤ የቅርስ ወዳጁም መመለስ የማይችል ነው ብለው አይከሱኝም። ድክመቱ ሙቀትና አልኮል አለመቻሉ ነው። የፈላ ጀበና ካስቀመጡበት ነጭ ቀለበት ይተዋል። ስለዚህ የቡፌው አናት ቡና የሚፈላበት ከሆነ፣ አናቱን ብቻ በዘይት ቫርኒሽ ይቀቡት፤ ሌላው ሸላክ ይሁን። ከሸላክ ላይ ቫርኒሽ መቀባት ከፈለጉ ግን ሸላኩ ሰም ያልተቀላቀለበት ይሁን።

በመጨረሻ ሰም። ንጹሕ የንብ ሰም አንድ እጅ፣ ተርፔንታይን ሦስት ወይም አራት እጅ። ሰሙ በሙቅ ውሃ ድስት ውስጥ በተቀመጠ ጣሳ ይቅለጥ፣ ከእሳቱ ከወረደና ከተራቀ በኋላ ተርፔንታይኑ ይጨመር። በስሱ ቀብተው፣ ሲደበዝዝ በለስላሳ ጨርቅ ይወልውሉት።


የኬሚስትሪ መምህርት፣ ጥቅምት 22

በተልባ ዘይት የተነከሩ ጨርቆችን በተመለከተ አንድ ነገር ልጨምር። ዘይቱ ሲደርቅ ሙቀት ያመነጫል፤ ጨርቁ ተጨማድዶ ጥግ ከተጣለ ሙቀቱ መውጫ አጥቶ ያለ ክብሪት ይቀጣጠላል። ብዙ የእንጨት ሥራ ቤት የተቃጠለው በዚህ ነው። ደጅ ላይ ዘርግተው ያድርቋቸው፣ ወይም ውሃ በሞላበት ክዳን ባለው ጣሳ ውስጥ ያስቀምጧቸው። የተፋቀው የቀለም ዝቃጭም በሚዘጋ ጣሳ ይቀመጥ፤ ጎመን የሚበቅልበት መደብ ላይም ሆነ ቦይ ውስጥ አይደፋ። እርሳስ አፈር ውስጥ ከገባ አይበሰብስም።


ባለ ቡፌው፣ ጥቅምት 23

ጥቁሩን ወረቀት ዘርግቻለሁ፤ እስኪለይለት ድረስ እግሩ ሳይቀባ ይቆያል። አናቱን ለቡና ስለምንጠቀምበት በቫርኒሽ፣ የቀረውን በሸላክ ልጨርስ ወስኛለሁ። ማጠፊያዎቹና እጀታዎቹም በቀለም ተሸፍነዋል፤ አንዷ እጀታ ጠፍታለች። አዲስ ልግዛ?


መላጊያ (ኮልፌ)፣ ጥቅምት 23

አይግዙ። ለምግብ በማይመለስ አሮጌ ድስት ውስጥ በውሃ በትንሽ እሳት ያሙቋቸው፤ ቀለሙ ለስልሶ በብሩሽ ይነሳል። ትነቱ ወደ ማድ ቤት እንዳይገባ ውጭ ያድርጉት፤ ውሃውንም እንደ ዝቃጩ ይያዙት። ከዚያ ማግኔት ያስጠጉ፤ ካልሳበው ናስ ሊሆን ይችላል፤ ከሳበው ከላይ የተለበጠ ብረት ነውና በአሲድ አይንኩት፣ ልባጡ ይነሳል። የጠፋችውን እጀታ ምናለሽ ተራ ሌላዋን ናሙና ይዘው ቢዞሩ የምትመስላትን አያጡም። ብሎኖቹ የቀድሞዎቹ ይሁኑ፤ ቀዳዳው ከሰፋ ግን ወፍራም ብሎን አያስገቡ፣ ከዋንዛው ሽርፍራፊ ቀጭን እንጨት ጠርበው በኮላ ይድፈኑትና በማግስቱ በዚያው ቀዳዳ ይመልሱት።